መዘውርን በገዛ እጅ ስለ መሥራት፤ ከርሱም ስለሚገኝ የብረት ሥራ ትምህርት

ከጣርማ በር ገደል በታች፣ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው የይፋት ምድር በአጭር መንገድ ከብርዱ ደጋ ወደ ሞቃቱ ቆላ የሚወርድ አገር ነው። ደብረ ሲና ከባሕር ወለል በላይ ከ2600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት፣ ሸዋ ሮቢት ግን ከፍታዋ 1300 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሮቢና ጀውሃ የመሳሰሉት ወንዞች ከደጋው ተነሥተው ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲያዘነብሉ በመንገዳቸው ያለውን ሜዳ ያጠጣሉ። በክረምቱ ዝናብ ማሽላና ጤፍ፣ በበጋውም በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚበቅልበት፣ የደሴም መንገድ በመካከሉ የሚያልፍበት አገር ስለ ሆነ፣ የገበሬው ሀብት ከዓመት ወደ ዓመት ሊሰፋ ይችላል።

ነገር ግን የዛሬው ገበሬ የሚተማመነው በበሬውና በሞፈሩ ብቻ አይደለም። ውሃውን ከወንዝ የሚስብለት ሞተር አለ፤ እህሉን የሚፈጭለት ወፍጮ አለ፤ ምርቱን የሚያደርስለት መኪና አለ። እነዚህ ሁሉ በውስጣቸው የሚዞር ዘንግ አላቸው። ዘንጉ የተሰበረ፣ ወይም ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ የተበላ እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ ይቆማል። የተሰበረው ብረት ከክንድ የማይረዝም ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም እርሱን አስተካክሎ የሚቀርጽ ባለ እጅ በወረዳው ከሌለ፣ ዘንጉ በመኪና ተጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወይም ከሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ ይላካል። በዚያም ተራ ይጠብቃል። ሽንኩርት ግን ተራ አይጠብቅም። በቆላ ፀሐይ የተተከለ ሽንኩርት ውሃ በተከለከለ ጊዜ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ራሱም ሳይሞላ ይቀራል። የአንድ ዘንግ መሰበር የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ልፋት መጥፋት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ብረት በትክክል የሚቀርጽ ባለ እጅ እንዲገኝ ማድረግ ከእርሻ ሥራ ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም። ለዚህም ብዙ ሰው የሚያስበው መንገድ አንድ ነው፤ ውድ መሣሪያ ከውጭ አገር ገዝቶ በወረዳው ማኖር። ይህ መንገድ የማይጠቅም ባይሆንም በቂ አይደለም። መሣሪያው በተበላሸ ጊዜ እርሱን የሚጠግን ሌላ ባለ እጅ ይፈለጋልና። ከዚህ ይልቅ ርካሽና ጽኑ የሆነው መንገድ፣ ብረት መቀጥቀጥ የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያ መዘውሩን በገዛ እጁ እንዲሠራ ማድረግ ነው። መዘውሩን የሠራ ሰው በሥራው ላይ ሳለ የብረት ሥራን ትምህርት አብሮ ይማራልና።

መዘውር ምንድር ነው

በዚህ ጽሑፍ መዘውር የተባለው የሰውን እግር ወይም የውሃን ኀይል ተቀብሎ፣ ፍጥነቱን እንደ ተፈለገው ለውጦ፣ ለሥራ መሣሪያ የሚያቀብል ነገር ነው። አራት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው የእግር መርገጫ፣ ሁለተኛው ክርን ባለው ዘንግ ላይ የተተከለ ከባድ መንኰራኩር፣ ሦስተኛው የተለያየ ስፋት ያላቸው ፑሌጃዎች፣ አራተኛው በፑሌጃዎቹ ላይ የሚዞረው ጠፍር፣ በወፍጮ ቤት ቺንጋ የሚባለው ነው። መዘውሩ ኀይሉን የሚያቀብለው ለቶርኖ ነው። ቶርኖ ማለት እንጨት ወይም ብረት በሁለት ሹል ጫፎች መካከል ተይዞ ሲዞር፣ ስለት እየተጠጋ ትርፉን የሚቀርፍለት መሣሪያ ነው። ክብ የሆነ ነገር ሁሉ፣ የወፍጮ ዘንግም ሆነ የውሃ መሳቢያ ቀለበት፣ በቶርኖ ይስተካከላል።

ነገሩ ለአገር ልጅ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሸማኔ በጉድጓዱ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ ሲረግጥ እጁ መወርወሪያውን ለመወርወር ነጻ ይሆናል። የቶርኖ ሠራተኛም እንደዚሁ እግሩ ኀይሉን ሲሰጥ ሁለቱ እጆቹ ስለቱን ይመራሉ። ጥጥ የምትፈትል ሴት እንዝርቷን አንድ ጊዜ ካሾረቻት በኋላ፣ በእንዝርቷ ላይ ያለችው ክብ ክብደት ለረጅም ጊዜ እንድትዞር ታደርጋታለች። ከባዱም መንኰራኩር ሥራው ይኸው ነው። እግር ወደ ታች ሲረግጥ ኀይል ይሰጣል፤ ሲነሣ ግን ምንም አይሰጥም። በዚያ ባዶ ጊዜ መንኰራኩሩ ያከማቸውን ግፊት እየመለሰ ዘንጉን ያዞረዋል። ክብደቱ በጠርዙ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ኪሎ ብረት ከመካከሉ አጠገብ ከሚሆን ይልቅ በጠርዙ ላይ ሲሆን እጅግ የበዛ ግፊት ያከማቻልና።

ሠርቶ ስለ መማር በአገራችን የታየ ምሳሌ

ከደብረ ሲና ብዙ በማይርቀው በአንኮበር፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለ እጅ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ወፍጮው በሠራ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ነቀፉት እንደ ቆመ የዚያን ጊዜ መንገደኞች ጽፈዋል። ይህን ማንሣት የቀደሙትን ለመንቀፍ አይደለም። ወፍጮው እንግዳ ሠርቶ የተከለው ስለ ነበረ፣ የውስጡን አሠራር የሚያውቅ፣ ለሚጠይቀውም የሚያስረዳ የአገር ሰው አልነበረውም። ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ነገር አይፈራውም።

ዳግማዊ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያቆሙት የብረት ሥራ ቤትም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ የሠሩት አብዛኞቹ ከስዊስ አገር ከቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡ የወንጌል ሰባኪዎች ነበሩ እንጂ መድፍ ማቅለጥ የተማሩ አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራቸው ከሸፈ፤ ምድጃውን አፍርሰው ደግመው ሠሩ፤ ከስሕተታቸውም ተማሩ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል የሆነ መድፍ ከእጃቸው ወጣ። ስለዚህ ሠርቶ መማር ይቻላል። ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ ሠሪዎቹ ከአገር ወጡ፤ ሥራ ቤቱም ተበተነ። ትምህርቱ በአንድ ቦታና በጥቂት ሰዎች እጅ ስለ ነበረ በየአገሩ ሳይዘራ ቀረ።

በ1871 ዓ.ም. ደግሞ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ወደ ምኒልክ ወደ አንኮበር መጣ። ኢልግ ዙሪክ ባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሳይገባ አስቀድሞ በእጅ ሥራ ቤት ደቀ መዝሙር ሆኖ የሠራ ሰው ነበር። እርሳስና ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሞረድና መዶሻም ስለሚያውቅ፣ ብዙ መሣሪያ በሌለበት አገር ባገኘው ነገር ድልድይና የውሃ ቧንቧ ለመሥራት በቃ። ምኒልክም በኋላ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድቡትን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። የዐዋጁ ምክንያት ግልጽ ነው፤ አራሹ ያለ ማረሻ፣ ማረሻውም ያለ ቀጥቃጭ አይገኝምና።

በውጭም አገር ነገሩ እንዲሁ ነው። ዴቪድ ጊንጀሪ የተባለ አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1980 ጀምሮ በጻፋቸው መጻሕፍት፣ አንድ ሰው በከሰል ምድጃ የወዳደቀ አሉሚኒየም አቅልጦ በመጀመሪያ ቶርኖ እንዲሠራ፣ በቶርኖውም ሌሎቹን መሣሪያዎች በተራ እንዲሠራ አስተምሯል። ብዙ ሰዎችም በየቤታቸው በዚህ መንገድ የብረትን ሥራ ተምረዋል።

የአሠራሩ ሥርዓት

አንደኛ፤ ስለ እንጨቱ። የመዘውሩ እግርና አልጋ ከደረቀ ጽኑ እንጨት ይሠራል። በይፋት ይህን ነገር አለመጠንቀቅ ብዙ ያስከፍላል። በደብረ ሲና ጭጋግ የተቈረጠና ሳይደርቅ የተገጠመ እንጨት ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲወርድ ይኰማተራል፤ መጋጠሚያው ይላላል፤ ዘንጉም ከመሥመሩ ይወጣል። ስለዚህ እንጨቱ በሚሠራበት ቦታ በጥላ ሥር ለወራት ሊደርቅ ይገባል። የአልጋው ማዕዘን በገመድ ይመረመራል፤ በአንዱ ጐን 3 ክንድ፣ በሌላው 4 ክንድ ተለክቶ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው 5 ክንድ ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ መንኰራኩሩ። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ሳንቃዎቹ በሁለት ወይም በሦስት ድርብ ይደረደራሉ፤ የአንዱ ድርብ ጭረት የሌላውን እንዲያቋርጥ ይደረጋል፤ በቡሎንም ይታሰራሉ። በጠርዙ ዙሪያ ከተጣለ መኪና የተገኘ ብረት ይታሰርበታል። ከዚህ በኋላ መንኰራኩሩ ከዘንጉ ጋር፣ በውሃ ልክ በተስተካከሉ ሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶች ላይ ይቀመጣል። ከባዱ ጐን ሁል ጊዜ እየተንከባለለ ወደ ታች ይሄዳል። በተቃራኒው ጐን ጥቂት በጥቂት ክብደት እየተጨመረ፣ መንኰራኩሩ በማናቸውም ቦታ ሲተዉት የሚቆም እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው መዘውሩ በፈጠነ ጊዜ አልጋው ሲንቀጠቀጥና የሚቀረጸው ብረት ሲጐረብጥ ያያል፤ ምክንያቱንም ሳያውቅ ስለቱን ይወቅሳል።

ሦስተኛ፤ ስለ ዘንጉና ስለ ተሸካሚው። ዘንጉ ከአሮጌ መኪና የሚገኝ ቀጥ ያለ ክብ ብረት ቢሆን ድካም ይቀንሳል። የተገዛ ኩሽኔታ ካልተገኘ በወይራ እንጨት ላይ ቀዳዳ ተበጅቶ፣ እንጨቱ በሞራ ተቀቅሎ ዘንጉን ሊሸከም ይችላል። እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቆ በመካከሉ ስስ ወረቀት ቢደረግ፣ ቀዳዳው በተበላ ጊዜ ወረቀቱን በማውጣት ብቻ እንደ ገና ይጠብቃል። ከላይ ለዘይት የሚሆን ቀዳዳ አይቅርበት።

የዘንጉን መቃናት ለመመርመር ጠመኔ ይበቃል። ዘንጉ በቀስታ ሲዞር ጠመኔው ሳይነቃነቅ ወደርሱ ይጠጋል፤ ጐባጣው ጐን ብቻ ይነካውና ምልክት ይቀበላል። ማረሚያው የታየው ልዩነት እኩሌታ ነው። በአንዱ ጐን 2 ሚሊ ሜትር ቢወጣ፣ ዘንጉ ከመካከሉ የራቀው 1 ሚሊ ሜትር ነውና። ይህን የእኩሌታ ሕግ ያላወቀ ሠራተኛ ሁል ጊዜ አብዝቶ ያርማል፤ ያቃናውንም መልሶ ያጐብጠዋል።

አራተኛ፤ ስለ ፑሌጃውና ስለ ጠፍሩ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር እዚህ ላይ አለ። ጠፍሩ እንዳይወድቅ ብሎ የፑሌጃውን መካከል ጐድጓዳ ያደርገዋል። ጠፍሩ ግን ይባስ ብሎ ወደ ዳር ይወጣል። ሰፊ ጠፍር በሚዞርበት ጊዜ ምን ጊዜም ወደ ሰፊው ዙሪያ የመውጣት ጠባይ አለው። ስለዚህ የፑሌጃው መካከል ከዳሩ ጥቂት ከፍ ያለ ሊሆን ይገባል። ያን ጊዜ ጠፍሩ ከሁለቱም ጐን ወደ መካከል እየወጣ ያለ ጠባቂ በቦታው ይኖራል።

ስለ ፍጥነት ሒሳብ

መንኰራኩሩ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በቶርኖው ላይ ያለው ፑሌጃ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ መንኰራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ቶርኖው ስድስት ጊዜ ይዞራል። እግር በደቂቃ 50 ጊዜ ቢረግጥ ቶርኖው 300 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ይህ ለእንጨት መልካም ሲሆን ለብረት ይበዛል። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት ዘንግ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር፣ በስለቱ ፊት በደቂቃ 38 ሜትር ያህል ብረት ያልፋል። ቀጥቃጭ በራሱ ምድጃ ያጠነከረው የአረብ ብረት ስለት ይህን አይችልም፤ ይግላል፤ ጥንካሬውንም ያጣል። ለእንደዚህ ያለ ስለት በደቂቃ 12 ሜትር ያህል ይበቃዋል።

ስለዚህ ፑሌጃው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሠራል። በመንኰራኩሩ ወገን 90፣ 80 እና 70፣ በቶርኖው ወገን ደግሞ 15፣ 25 እና 35 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ፊት ለፊት የሚገጣጠሙት ሁለት ሁለት ደረጃዎች ሲደመሩ ሁል ጊዜ 105 ይሆናሉ፤ በዚህ ምክንያት አንዱ ጠፍር በጥቂት ማጥበቅ ለሦስቱም ይበቃል። ፍጥነቱም በደቂቃ 300፣ 160 እና 100 ዙር ይሆናል። ባለ 4 ሳንቲ ሜትሩ ዘንግ በመጨረሻው ደረጃ ሲዞር በስለቱ ፊት የሚያልፈው 12 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ስለቱም ይበረክታል። ይህን ሒሳብ በራሱ ፑሌጃ ላይ የተማረ ሰው የወፍጮ ቤትን ፍጥነት ማስተካከልም ሆነ ለውሃ መሳቢያ የሚስማማውን ፑሌጃ መምረጥ አያቅተውም።

መዘውሩ ራሱን ስለ ማረሙ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ትክክለኛ መሣሪያ የሌለው ሰው ትክክለኛ መሣሪያ እንዴት ሊሠራ ይችላል? የመጀመሪያው ትክክል ከወዴት ይመጣል?

መልሱ፣ ትክክል ከቀደመ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ከአሠራሩ ሥርዓትም የሚገኝ መሆኑ ነው። በመጥረቢያና በሞረድ የተሠራው ፑሌጃ መጀመሪያ ጠማማ ይሆናል። ነገር ግን በዘንጉ ላይ ተተክሎ ሲዞር ስለት ቢጠጋው፣ የወጣው ጐን ይቀረፋል፤ የገባው ጐን ሳይነካ ይቀራል። መላው ዙሪያ ስለቱን ሲነካ ፑሌጃው ለራሱ ዘንግ ፍጹም ክብ ሆኗል። ስለዚህ መዘውሩ በደካማ ሁኔታ መዞር ከጀመረበት ቀን አንሥቶ የራሱን ጕድለት ማረሚያ ይሆናል።

የጠፍጣፋም ነገር ትክክል እንዲሁ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ሞዝሊና ከርሱ ሥራ ቤት የወጣው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ጥበብ ሥርዓት አድርገውታል። ሁለት ብረቶች ጥላሸትና ዘይት ተቀብተው ቢፋተጉና ከፍ ከፍ ያለው ቦታ እየተፋቀ ቢስተካከሉ፣ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። ሆኖም አንዱ ጐባጣ፣ ሌላው ጐድጓዳ ሆነው ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስተኛ ብረት ሲጨመር ግን ስሕተቱ ይገለጣል። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውም ከአንደኛው ጋር በሁሉም ወገን ሊገጥሙ የሚችሉት ሦስቱም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። በሁለት ምስክር መካከል የተሰወረውን ሦስተኛው ምስክር እንደሚያወጣው ያለ ነው። ለዚህ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ስለ ውሃ ኀይል

የአንድ ሰው እግር ሳይደክም ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ኀይል ከአንድ የፈረስ ጉልበት ዐሥረኛው ያህል ነው። ለመማርና ለትናንሽ ሥራ ይበቃል፤ ለከባድ ዘንግ ግን ያንሳል። በደብረ ሲና ግርጌ ያሉ መንደሮች ለዚህ መድኀኒት አላቸው። በሴኮንድ 10 ሊትር የሚወርድ ትንሽ ምንጭ ከ5 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ 490 ዋት ያህል ኀይል ይዞ ይወርዳል። በመንኰራኩርና በጠፍር ላይ የሚጠፋው እኩሌታ ነው ቢባል እንኳ፣ የተረፈው ሦስት ሰዎች ያለማቋረጥ ቢረግጡ ከሚገኘው ኀይል አያንስም። የእግር መዘውር የሠራ ባለ እጅ መርገጫውን አንሥቶ በምትኩ የውሃ መንኰራኩር ለመግጠም አዲስ ትምህርት አያሻውም።

ውሃው መንኰራኩሩን አዙሮ ወደ ቦዩ ስለሚመለስ ከመስኖው የሚቀንስ ነገር የለም። ቢሆንም ቦዩ ሳይነካ በፊት ከውሃ አባቱና ከተጠቃሚዎቹ ጋር ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ መስማማት ይገባል። በውሃ ምክንያት የሚነሣ ጠብ ከመዘውሩ ከሚገኘው ጥቅም ይልቅ የሚከፋ ጕዳት ያመጣልና።

ከሹማምንትና ከባለ ይዞታዎች የሚጠበቀው

ሥራው የባለ እጁ ነው፤ የሚሠራበትን ሁኔታ ማመቻቸት ግን የሹሙ ነው። በመጀመሪያ፣ በየወረዳው ካሉት ቀጥቃጮችና አናጢዎች መካከል እጁ የተፈተነ፣ ስሕተቱን ለመናገር የማያፍር ሰው ይመረጥ። ሁለተኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ዝጎ የሚቀመጠው የተሰባበረ መኪናና ሞተር በሕግ ተመዝግቦ ለዚህ ሥራ ይሰጥ። ለባለ እጅ ሀብት የሆነው ዘንግና ፑሌጃ በሣር ተሸፍኖ መበስበስ አይገባውም። ሦስተኛ፣ መዘውሩ እስኪያልቅ ድረስ ባለ እጁ በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ቤተ ሰቡ የሚተዳደርበት ነገር ይታሰብለት። ትምህርት ጊዜ ይጠይቃል፤ የራበው ሰውም ሞረዱን ጥሎ የቀን ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። አራተኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ወጣቶች አብረውት ይሥሩ። የጋፋት ጥበብ የጠፋው በተተኪ ማነስ መሆኑ አይዘንጋ።

ከሁሉ በላይ የመጀመሪያው መዘውር መጥፎ በሆነ ጊዜ ባለ እጁ እንዳይዘለፍ። የመጀመሪያው መዘውር የሚሠራው ለመሥራት ብቻ አይደለም፤ ለመማርም ነው። በስድብ ያፈረ ባለ እጅ ስሕተቱን መደበቅ ይጀምራል፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ በገበሬው ሞተር ውስጥ ይገለጣል።

የሰው ጕዳት እንዳይመጣም ይታሰብ። የሚዞር ጠፍር የነጠላን ወይም የጋቢን ጫፍ ከያዘ ሰውን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ጠፍሩና መንኰራኩሩ በሳንቃ ይሸፈኑ፤ ሠራተኛው አጭርና ጠበቅ ያለ ልብስ ይልበስ፤ ዐይኑንም በመነጽር ይጠብቅ፤ ሕፃናትም ወደ ሥራው ቦታ አይቅረቡ።

ሥራውን መርምሮ ስለ መቀበል

የብረት ሥራ የማያውቅ ሹም ሥራው በደኅና መሠራቱን በሚከተሉት ምልክቶች ሊያውቅ ይችላል።

አንደኛ፤ መዘውሩ ሥራ ሳይዝ በፍጥነት ሲዞር በአልጋው ላይ የተቀመጠ በውሃ የተሞላ ብርጭቆ እንዳይፈስ ይታያል። ከፈሰሰ መንኰራኩሩ አልተመዛዘነም።

ሁለተኛ፤ ሩብ ሰዓት ከዞረ በኋላ መዘውሩ ይቁምና እጅ በዘንጉ ተሸካሚ ላይ ይደረግ። እጅ የሚያስመልስ ሙቀት ካለ ዘንጉ ጠማማ ነው፣ ወይም ዘይት አጥቷል።

ሦስተኛ፤ ጠፍሩ ያለ ምንም ጠባቂ በፑሌጃው መካከል ይቆይ እንደ ሆነ ይታያል።

አራተኛ፤ ባለ እጁ አንድ የብረት ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲቀርጽ ይታዘዝና ሁለቱ ጫፎች ይለኩ። ውፍረታቸው ካልተካከለ የቶርኖው ሁለት ሹል ጫፎች በአንድ መሥመር አልቆሙም። ባለ እጁ ማረሚያው የልዩነቱ እኩሌታ መሆኑን ሳይነገረው ካወቀ ትምህርቱ ገብቶታል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ፈተና፣ ከወረዳው ወፍጮ ወይም የውሃ መሳቢያ የተሰበረ አንድ ዘንግ ሰጥቶ ተመሳሳዩን ሠርቶ እንዲገጥም ማድረግ ነው። ይህ ሁሉ ፈተና ለዚህ ቀን የሚደረግ ነው።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል። መዘውሩን ሠርቶ ያጠናቀቀ ባለ እጅ በእጁ የሚቀርለት መዘውሩ ብቻ አይደለም። ክብን ከጠማማ፣ ቀጥታን ከጐባጣ የሚለይ ዐይን፣ ስሕተትን በእኩሌታው የሚያርም እጅ ይቀርለታል። እንዲህ ያለ ሰው በደብረ ሲና ወይም በሸዋ ሮቢት በተገኘ ጊዜ፣ በበጋ መካከል ሞተሩ የቆመበት ገበሬ የተሰበረ ዘንጉን ይዞ ወደ ሩቅ ከተማ አይሄድም፤ ወደ ጎረቤቱ ሄዶ አሠርቶ ውሃውን ወደ ሽንኩርቱ ይመልሳል።